ለጎረቤት የሚቀዳ ቢራ

ከመጪው መስከረም ጀምሮ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በዚህም ምክንያት ጢም ካበቀልኩበት ጊዜ ጀምሮ ስተዳደርበት የኖርኩትን ሙያ፣ ይኸውም በአሰብ ከተማ ቢራ የማስቀመጥ፣ የማቀዝቀዝና የመቅዳት ሥራ፣ በዚህ ሳምንት ተሰናብቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ስለ ሥራ ዘመኑ ሲያወጋ አንባቢ ፈገግ ቢል አልቀየምም። ይሁን እንጂ ደጋው በዝናብ በሚርስበት በሐምሌና በነሐሴ አሰብ ላይ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ከሰው ላይ ዕድሜ ይሸርፋል። በመስተዋት ፊት ስቆም የማየው ሰው ደክሞታል። የድካሙ ከፊል ከሙቀቱ ነው፤ የቀረው ግን ከአንድ ጠረጴዛ የመጣ ነው፤ እዚህ ላይ መናገር የምፈልገውም ስለ እርሱ ነው።

ወደ አሰብ የወረድኩት የካሚዮን ሹፌር ከነበረው አጎቴ ጎን ተቀምጬ፣ በስተኋላዬ የቢራ ሳጥኖች እየተንኳኩ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በወደቡ አጠገብ በሚገኝ የአንድ ቢራ ወኪል መጋዘን ውስጥ ነው። አለቃዬ የጠርሙስ መሰበር ያንገበግባቸው ነበር፤ ጠርሙሱ ሳይሰበር ውስጡ ያለው ቢራ በፀሐይ ሊሞት እንደሚችል ግን ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ወደ ወደብ ሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ተዛወርኩ። የክበቡ ኃላፊ ቢራ በረዶ እስኪሆን ካልቀዘቀዘ ቢራ አይመስላቸውም፤ ስለዚህ የጫኝና አውራጅ ሠራተኞቻችን ቢራቸውን እየላሱ ሊጠጡ ምንም አልቀራቸውም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለመጻሕፍት ይበቃኝ ነበር። ሙያ የምለውን ነገር የተማርኩት ግን በሦስተኛው ቤት፣ በእትዬ አስካለ ቡና ቤት ነው።

እትዬ አስካለ ከጎንደር ተነሥተው በብዙ ከተሞች ያለፉ፣ ድምፃቸው ከፊታቸው ቀድሞ የሚገባ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከወደቡ በር ወደ ባሕሩ ዳርቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን፣ በስተጀርባ ለባሕሩ የተከፈተ ሰፊ በረንዳ አለው። በዚያ በረንዳ ላይ ከአሮጌ መርከብ ሳንቃ የተሠራ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻኖች፣ የወደቡ ጸሐፊዎች፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመደቡ መምህራን፣ ከሥራ ሲወጡ በዙሪያው ይሰበሰባሉ።

የቢራውን ነገር የሚመሩት አቦይ ግደይ ነበሩ። በወጣትነታቸው አስመራና ምጽዋ ውስጥ በጣሊያኖች ቤት ያገለገሉ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ፤ ነጭ ፎጣቸው ከትከሻቸው የማይለይ። በረሃውን አቋርጦ የመጣ ቢራ በደረሰበት ቀን ወደ በረዶ እንዲገባ አይፈቅዱም ነበር። «መንገደኛ ነው፤ መጀመሪያ ይረፍ» ይላሉ። ሳጥኖቹ በጨለማው ክፍል፣ በራሰ ጆንያ ተሸፍነው ያድራሉ። በማግሥቱ በሰጋቱራ ውስጥ በተቀበረው በረዶ ዙሪያ ጠርሙሶቹ ቆመው ይደረደራሉ። ጠርሙስ ማጋደም በእርሳቸው ዘንድ ነውር ነው። አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ የሞቀውን መልሶ ማቀዝቀዝ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። ብርጭቆ በጨርቅ አይወለወልም፤ ተደፍቶ በነፋስ ይደርቃል። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ጠርሙስ ይከፍቱና ጆሯቸውን አስጠግተው ቆርኪው ሲለቅ የሚያወጣውን ትንፋሽ ያዳምጣሉ። ከዚያ ያሸታሉ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይቀምሳሉ። የቀረውን አይጠጡትም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ቄሱ ሁሉንም ቢበላ ለምእመኑ ምን ይተርፋል?» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የትኛው ቢራ የት ቢጠጣ ይሻላል ለሚለኝ፣ ያወቅኩትን ያህል ልናገር። የአዲስ አበባው ቢራ ወፈር ያለ፣ ብቅሉ ከጉሮሮ ላይ የሚዘገይ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር፣ በበረንዳችን ጫፍ ቢጠጣ ይመረጣል። የአስመራው ቀለል ያለና በመጨረሻው መረር የሚል ነው። እርሱን የሚያውቀው ገና ከሥራ የወጣ፣ ሸሚዙ ከጀርባው የተጣበቀ ሰው ነው፤ ጥሙን በመጀመሪያው ጉንጭ ይቆርጥለታል። መርከበኞች በቆርቆሮ የሚያመጡት የሆላንድ ቢራ ከመርከቡ ደረጃ ሥር ሲጠጣ ግሩም ነው፤ ከተማ ሲገባ ግን ወሬው ብቻ ይቀራል። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የዘንባባ ጠጅ የሚገኝባቸው መንደሮች አሉ። ጠጁ በተቀዳበት ጥላ ሥር ካልተጠጣ ይጠወልጋል፤ ይዘኸው ልትመጣ አትችልም። እኔ ግን ምረጥ ብባል የአስመራውን እመርጣለሁ፤ ይህንንም የምለው የወሎ ልጅ ሆኜ ነው።

እንዲህ ያለ ምርጫ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ለጠብ ይበቃ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ ተኽለ ይባላል፤ የአስመራ ልጅ፣ በማጣሪያው በያጅ ነው። ሁለተኛው ማሞ ነው፤ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ በወደቡ የክሬን ኦፕሬተር። ማሞ የተኽለን ጠርሙስ አየና፣

«ይሄ እኮ ለሕመምተኛ የሚታዘዝ ነው» አለ። «ሐኪም ነው የጻፈልህ?»

«ያንተስ?» አለ ተኽለ። «ማንኪያ አምጡለት፤ ገንፎው እንዳይቀዘቅዝበት።»

«ገንፎ?»

«ዋይ! ታዲያ ይጠጣል እንዴ? ይላመጣል እንጂ።»

ማሞ ተነሣ። ተኽለም ተነሣ። እትዬ አስካለ ከጓዳ፣ «ልጆች! ወንበሬን ሳትነኩ ውጭ ተደባደቡ!» እያሉ ሲወጡ አቦይ ግደይ ቀደሟቸው። የሁለቱንም ብርጭቆ አንሥተው አቀያየሩ።

«የራሱን የሚያመሰግን ሰው ለጎረቤቱ ይቅዳ» አሉ። «እምቢ ያለ ደጅ ቆሞ ይጠጣ።»

ማሞ የአስመራውን ቀመሰ። ሁሉም ፊቱን ያያል።

«ክፉ አይደለም» አለ በግድ።

«ገንፎውም ይወርዳል» አለ ተኽለ፤ በረንዳው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠረጴዛው ሕግ ይህ ሆነ፤ ማንም ለራሱ አይቀዳም። እያንዳንዱ የሚወደውን ቢራ አዝዞ በአጠገቡ ላለው ይቀዳል፤ እርሱ ደግሞ ጎረቤቱ የሚወደውን ይጠጣል። ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው የሌላውን ብርጭቆ አያነሣም። አዲስ ተመድበው የሚመጡ ሰዎች ሕጉን በሰሙ ጊዜ ይገረማሉ፤ ከሳምንት በኋላ ጠባቂዎቹ እነርሱ ራሳቸው ይሆናሉ። ስለ ማኅበራዊ ኑሮ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ እንዲህ በአጭር ቃል የቆመና የተከበረ ደንብ ግን አልገጠመኝም።

ተኽለና ማሞ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማሞ ክሬኑ ላይ ሆኖ ተኽለ ከማጣሪያው አውቶቡስ ሲወርድ ካየ ከላይ ይጮህለታል። ተኽለ ታይፎይድ በታመመ ጊዜ በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ያደረው ማሞ ነው። የማሞ እናት በሞቱ ጊዜ ደግሞ ተኽለ ፈቃድ ለምኖ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አብሮት ወጣ። ለእኔ «ፕሮፌሰር» የሚል ስም ያወጡልኝም ሁለቱ ተማክረው ነው፤ ባንኮኒው ሥር መጽሐፍ ስለማይጠፋ።

የአዲስ አበባው ቢራ በካሚዮን፣ የአስመራው ግን በባሕር ነበር የሚደርሰን። ከአስመራ ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በትንሽ ጀልባ ጥዖንና ዒድን የመሳሰሉ ትናንሽ ወደቦችን እየነካ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ይመጣል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጭነቱ መዘግየት ጀመረ። ቀጥሎ አነሰ። ከዚያ ጨርሶ ቆመ። ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጠረጴዛው ላይ ግን የሚያነሣው አልነበረም። የመጨረሻው ጠርሙስ በተከፈተ ማግሥት ተኽለ መጣና ከጠረጴዛው ሳይሆን ከባንኮኒው አጠገብ ቆመ።

«ምነው ተኽለ፣ ወንበርህ ሾህ አበቀለ?» አሉት እትዬ አስካለ።

«የምቀዳው የለኝም እትዬ።»

«ታዲያ የአዲስ አበባውን ይዘህ ቅዳለት፤ ምን ቸገረህ?»

«ለሰው ከራሱ ጓዳ ዘግኜ ልጋብዘው?» አለ። ውሃ ጠይቆ ጠጣና ወጣ። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወ።

ማሞ ነገሩን በሌላ ተረጎመው። ጊዜው ሰውን ሁሉ በየወገኑ የሚያስቆም ጊዜ ነበር፤ ከአስመራ የሚመጣው ወሬ አንድ ነበር፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሌላ።

«እርሱም እንደ ሌላው ሆነ» አለኝ አንድ ቀን፣ ባዶውን ወንበር በእግሩ እየገፋ። «ከእኛ ጋር መታየት ጠላ።»

«አይመስለኝም ጋሽ ማሞ፤ የሚቀዳው ስላጣ ነው።»

«ፕሮፌሰር፣ መጽሐፍህን አንብብ። ሰው በቢራ ምክንያት ወንድሙን አይተውም።»

እርሱ ይህን ሲል አቦይ ግደይ ከበስተጀርባችን ቆመው ይሰሙ ነበር። የተኽለ ወንበር ባዶ መሆን ሲጀምር የሌሎቹም መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ ሰዎች ሁለትና ሦስት እየሆኑ ከጠረጴዛው ዳርና ዳር ይቀመጣሉ፤ መካከሉ ይቀራል። አቦይ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣጠፉት። «ይህ ጠረጴዛ ከተከፈለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ፣ ወደይ፣ ልጄ? ቢራ ለማቀዝቀዝማ በረዶውም ይበቃል» አሉ። ሲያማርሩ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ በረዶ ክፍሉ ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከፊታቸው ባዶ የአስመራ ጠርሙስ ታጥቦ ቆሟል። በአጠገቡ አንድ ሙሉ የአዲስ አበባ ቢራ፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና ጣሊያኖቹ አራንቻታ የሚሉትን የብርቱካን መጠጥ ያሽጉበት የነበረ አሮጌ የቆርኪ መምቻ ነበር።

«አቦይ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ውሸት እየሠራሁ ነው። ዝም ብለህ ጠርሙሱን ያዝልኝ።»

ሁለቱንም ጠርሙስ እስኪያልባቸው ድረስ አቀዝቅዘዋቸዋል። ቱቦውን ከታች፣ ከጠርሙሱ መቀመጫ አድርሰው ቢራው ሳይንጫጫ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ አደረጉ፤ አረፋ የሚባል አልተነሣም። ያገለገለ የአስመራ ቆርኪ በመዶሻ ጀርባ አቃንተው ደፉበትና መቱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የታሸገ ጠርሙስ ያከበሩ ሰው ጠርሙሱን ሳያዩ ወደ በረዶው መለሱት።

«ተኽለ ያውቃል እኮ» አልኩ።

«ከምን አውቆ? የራሱን ቢራ ከቀመሰ ስንት ዘመኑ! የሚጠጣው ማሞ የሚቀዳለትን ነው። ምላሱ ረስቶታል። ሁለቱ አንድ ጊዜ ይቀመጡልኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው።»

ነገሩን በሐሳቤ አገላብጬ መረመርኩት፤ እንከን አላገኘሁበትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ «ከአንድ ጀልባ ላይ የአስመራ ቢራ ተገኝቷል» ብለው ላኩበት። ተኽለ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ማሞ ቀና ብሎ አየውና «ሰላም ነው?» አለ፤ ከንፈሩን ብቻ አላቅቆ። ተኽለ በቀድሞው ወንበሩ ተቀመጠ። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፤ እንግዳ የሚቀበል ሰው ፊት ነበረው።

«አታ ማሞ፣ ብርጭቆህን አቅርብ።»

ቀዳለት። አቦይ ግደይ ከባንኮኒው በስተጀርባ ቆመዋል። ማሞ ጎንጨት አለና ቆም አለ። ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ተኽለ! የራሴን ቢራ መልሰህ ለእኔው?»

ሰዉ ሳቀ። ማሞ በቀልድ ነበር የተናገረው፤ ለዚህ ምስክር ነኝ። እንዲያውም ኩርፊያው በዚያ ሳቅ ሊፈርስ ትንሽ ነበር የቀረው።

«ምን አልክ?» አለ ተኽለ።

«ይሄ የአስመራው አይደለማ! የአስመራውን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? ይኸን ሁሉ ዓመት የጠጣሁት እርሱን አይደል?»

አቦይ ግደይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኽለን ምላስ አስበው ነበር፤ የማሞን ግን አላሰቡም። በራሳቸው ሕግ የአስመራውን ቢራ ሲጠጣ የኖረው ማሞ ነው።

ተኽለ ብርጭቆውን ከማሞ እጅ ወስዶ ቀመሰ። ምላሱ ምንም እንዳልነገረው ከፊቱ ይነበባል። ቀጥሎ ቆርኪውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና በጣቱ አገላበጠው። የመዶሻውን ምልክት አየ።

«አጭበርባሪ ነህ እያልከኝ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስቀልድ እኮ ነው...»

አቦይ ግደይ መጡ። «ተኽለ ወደይ፣ እኔ ነኝ ያደረግኩት። ባዶ እጅህን እንዳትሆን ብዬ ነው።»

ያ ቃል ከውሸቱ የባሰ ሆነ። ተኽለ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሳቁ ቆሟል።

«ለማኝ አደረጉኝ አቦይ» አለ ዝግ ብሎ። «በሰው ፊት።»

ብርጭቆውን ሳያንኳኳ አስቀምጦ ሄደ።

ረጅሙ ጠረጴዛ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አልሞላም። ከጥቂት ወራት በኋላ እትዬ አስካለ አናጺ ጠርተው ወደ ትናንሽ ጠረጴዛዎች አስቆረጡት፤ አሁን እዚያ ሁሉም የገዛውን ለራሱ ይቀዳል። አቦይ ግደይ በመርከብ ወደ ሰሜን፣ ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ወደቡ ድረስ ሸኘኋቸው። ደረጃውን ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ማሞን ረሳሁት እኮ» አሉኝ። ከእርሳቸው በኋላ ቢራውን እኔ አኖርኩት፣ እኔ አዳመጥኩት፣ እንደ ልማዳቸውም ብርጭቆዎቹን ደፍቼ አደረቅኩ። ማንም አላጉረመረመም፤ የሚያስተውልም አልነበረም። የመምህርነቱን ፈተና የተፈተንኩት በዚያ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን ዘልያለሁ። ያ ቅዳሜ ባለፈ ማግሥት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማሞ ወደ እኔ መጣ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«ፕሮፌሰር፣ ተከተለኝ። ብቻዬን ከሄድኩ እንጣላለን።»

ከእትዬ አስካለ ሁለት ቀዝቃዛ ጠርሙስ የአዲስ አበባ ቢራ ይዞ ነበር። ተኽለ የሚኖረው በሠራተኞች ሰፈር፣ በአንዲት የሳንቃ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። ቀና አለ፤ ማሞን አየ፤ ጠርሙሶቹን አየ።

«እነርሱን ይዘህ እቤቴ አትገባም።»

ማሞ ሁለቱንም ጠርሙስ ለእኔ አስታቀፈኝና ባዶ እጁን ገባ። ሳይጋበዝ ወለሉ ላይ፣ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

«ጠምቶኛል» አለ።

«የማጠጣህ የለኝም። አላወቅህም? ከተማው ሁሉ አውቆታል።»

«አንተ ምን ጎደለብህ?» አለ ማሞ፤ ድምፁ እየጨመረ ሄደ። «ንገረኝ እስኪ። አንተ የምትጠጣው የእኔን አይደለም? እርሱ በየሳምንቱ በካሚዮን ይመጣል። ያለቀው የእኔ ቢራ ነው! የአስመራውን የምጠጣው እኔ ነኝ። ጀልባው ከቀረ ጀምሮ አንጀቴ የደረቀ እኔ! አንተ በር ዘግተህ ትኮራለህ፤ መጥቶ አይዞህ ያለኝ ሰው የለም።»

ተኽለ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። ነገሩን በዚህ በኩል አስቦት እንደማያውቅ ታየኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ከአልጋው ወርዶ ክብሪት ጫረና ሻሂ ጣደ። ሲፈላ በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ አንዱን ለማሞ ሰጠው።

ማሞ ጎንጨት አለና ምላሱን አቃጠለው።

«ይሄ ደግሞ የማን ፋብሪካ ነው?»

«የእኔ።»

«መራራ ነው።»

«ለሕመምተኛ ነው የሚታዘዘው» አለ ተኽለ። ሁለቱም አልሳቁም፤ ተኽለ ግን የራሱን ብርጭቆ ወደ ማሞ ገፋ አደረገ፤ ማሞም የጠጣበትን ወደ እርሱ አዞረለት። ፀሐዩ ደጃፉ ላይ አናቴን እየመታኝ፣ ጠርሙሶቹ በእጄ ውስጥ እየሞቁ እንደሆነ ያን ጊዜ ተሰማኝ። ሞቀው መልሰው ሊቀዘቅዙ የማይገባቸው ነበሩ፤ ግን ማንም አላሰባቸውም።

«ፕሮፌሰር፣ ምን ገትሮህ ነው?» አለኝ ተኽለ ዞር ሳይል። «ግባ እንጂ። እነዚያን ግን ከደጅ ተዋቸው።»

ተውኳቸውና ገባሁ።